ሦስቱ ካሜራዎችና የድጓው ቀይ ምልክት

በጡረታ በተሰናበትሁበት ሳምንት የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ጥሩዬ የምመልሳቸውን ሦስት ካሜራዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ ቅጽ ዘርግታ ጠበቀችኝ። ወደ እኛ መሥሪያ ቤት ከተዛወረች ገና ወር አልሞላትም ነበር።

«ጋሽ ላቀው፣ ከነዚህ የትኛውን የማይጠቅም ብዬ ልመዝግበው?»

«ሁሉም ይጠቅማሉ።»

«ይቺ ብርማዋስ? ሦስት ሜጋፒክሰል እኮ ነው የሚላት። የእኔ ስልክ ሃምሳ ነው።»

«ያንቺ ስልክ ሰውን ያሳምራል። እሷ ያለውን ነው የምታወጣው።»

«እንዲያ ከሆነማ ትወገድልኝ፤» ብላ ሳቀች።

ከሳቋ በኋላ ግን ብዕሯን አስቀምጣ፣ እያንዳንዷ ካሜራ ለምን ሥራ እንደምትሆን ጽፌ እንድተውላት ጠየቀችኝ። ቅጹ ላይ ለዚህ የተተወው ቦታ ሁለት መስመር ነው። ሁለት መስመር ስላልበቃኝ ይህን ጻፍሁ። ለጤናና ለዕድሜ ያበቃኝ፣ ከሁሉም በላይ ያጠፋሁትን ሳላርም እንዳልሰናበት የረዳኝ አምላክ ይመስገን።

የተወለድሁት በደብረ ኤልያስ ገጠር ነው። ከንባብ ጀምሬ እስከ ድጓ ተምሬአለሁ፤ ድጓውን እኩሌታ ካደረስሁ በኋላ ግን አባቴ ታመመና ትምህርቱን አቋረጥሁ። የተማርሁባት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ትርቃለች። መምህራችን መሪጌታ ዘውዱ ይባሉ ነበር። በጓደኝነት አብሮኝ ይማር የነበረው ፈንቴ ጸንቶ ጨረሰ፤ መሪጌታ ሲያርፉም ወንበራቸውን ወረሰ። ያን በልጅነቴ አንተ የምለውን ሰው ዛሬ የኔታ ፈንቴ፣ እርስዎ እላቸዋለሁ። እሳቸው ግን እኔን እስከ ዛሬ አንተ ይሉኛል፤ ደስ ይለኛል።

ድጓ የዓመቱ በዓላት ዜማ የተጻፈበት መጽሐፍ ነው። ከቃሉ በላይ ደቃቅ ነጥቦችና ጭረቶች ይጻፉበታል፤ ምልክት እንላቸዋለን። ድምፅ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚንከባለል፣ የት እንደሚቆረጥ የሚያሳዩት እነርሱ ናቸው። የዚያች ቤተ ክርስቲያን ድጓ በብራና የተጻፈ፣ ምልክቱም ጥቁር ነበር። መሪጌታ ዘውዱ ግን ከመምህራቸው የተቀበሉትን፣ በሌላ ቦታ የማይሰማውን የዜማ አወጣጥ ከጥቁሩ ጎን በቀጭን ብርዕ በቀይ ጨምረውበት ነበር። ቀለሙን ራሳቸው ነበር የሚያዘጋጁት። ከዓመታት በኋላ ደብዝዞ ወደ ብራናው ቡናማነት ቢጠጋም፣ ዓይኑን አቅርቦ ላየ ሰው ይታይ ነበር።

ወደ መንግሥት ሥራ የገባሁት በደብረ ማርቆስ የቅርስ መዝጋቢ ሆኜ ነው። ግእዝ የሚያነብ ሰው ስለ ተፈለገ ቀጠሩኝ። ደመወዙ ቤተሰብ አኖረ፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም። ፎቶግራፍ አንሺው ጋሽ ስንሻው ነበሩ። በከተማው ውስጥ ለረዥም ዘመን ፎቶ ቤት የነበራቸው፣ በፊልም ያደጉ ሰው ናቸው። ዲጂታል ካሜራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣልን በሁለት ጣታቸው አንሥተው፣ ገልብጠው አይተው፣ «ይቺ የሳሙና ማስቀመጫ ናት ወይስ ካሜራ?» አሉ። ብርማዋ እርሷ ነበረች።

ከጋሽ ስንሻው የተማርሁት ከማንኛውም መመሪያ ይበልጥብኛል። መጽሐፍ በአምፖል አያነሡም። ካህናቱን አስፈቅደው ደጅ ያስወጡታል፤ ከቀኑ ሦስት ሰዓት ገደማ በቤተ ክርስቲያኑ ሰሜን በኩል፣ ፀሐይ በማይነካው ጥላ ውስጥ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ያኖሩታል። ጥላው ወደ አንድ ወገን ከጠቆረ ነጭ ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው በማዶ ይቆማሉ፤ ብርሃኑ ከጋቢው ተመልሶ በብራናው ላይ ለስለስ ብሎ ያርፋል። እኔ ነኝ እንግዲህ ቁልፉን የምጫን። ከመጽሐፍ አጠገብ ደማቅ ልብስ የለበሰ ሰው አያስቆሙም። አንድ ቀን ከላይ የመጣ ኃላፊ አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ አጎንብሶ ሲያይ፣

«ጌታዬ፣ እባክዎ ከመጽሐፉ ራቅ ይበሉልኝ፤» አሉት።

«ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?»

«እርስዎ አላጠፉም። ሹራብዎ ብራናውን ጎመን አስመሰለብኝ።»

ኃላፊው ተቆጣ። ጋሽ ስንሻው ግን ፎቶውን አሳዩት፤ እውነትም ገጹ ሻጋታ የበላው ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ሲጎበኘን ግራጫ ኮት ይለብስ ነበር።

ሌላው ልማዳቸው ደግሞ ያነሡትን በዚያው ቀን አለመመርመር ነው። ስቸኩል ያዩኝና፣ «አንተ ደብተራ፣ ዛሬ ብታየው የምታየው ዓይንህ ውስጥ የቀረውን ነው። አሳድረው። ነገ ፎቶው ውስጥ ያለውን ብቻ ታያለህ፤» ይሉኛል። እኔ እንደ ሽማግሌ ወግ ነበር የምሰማው።

አሁን ወደ ካሜራዎቹ ልግባ። ብርማዋ ብርሃን ትወዳለች፤ ጥላው ከበረታ ሥዕሉ ይጨልምባታል፣ በአራት ባትሪ ድንጋይ ግማሽ ቀን እንኳ አትውልም። ቀዩን ጥቂት ወደ ብርቱካን ትወስደዋለች፤ የእመቤታችንን ሰማያዊ መጎናጸፊያ ወደ ሐምራዊ ታዘነብለዋለች። ቢሆንም ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ቀለሞችን ለይታ ታወጣለች። ቡናማና የደበዘዘ ቀይ ጎን ለጎን ቢሆኑ፣ ሁለቱም ትንሽ ይሳታሉ እንጂ አንድ አይሆኑም።

ሁለተኛዋ ጥቁሯ ናት፤ ስድስት ሜጋፒክሰል፣ መነጽሯ የሚፈታ። እርሷ የሰው ፊት ትወዳለች። አማኑኤል ከተማ ላይ የአካባቢውን ታሪክ የሚነግሩንን ሽማግሌዎች ባነሣን ጊዜ፣ የአንዱን ጠይምነት ከሌላው ቀይ ዳማነት እንዲህ ለይታ ያወጣች ካሜራ አላየሁም። አንዱ ሽማግሌ ፎቷቸውን አይተው፣ «አሁንስ አረጀሁ ብዬ አምናለሁ፤» አሉን። በብርድና በጉም ግን ትከዳለች። ሮብ ገበያ ከተማ አጠገብ በጉም ውስጥ ያነሣሁት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖብኝ፣ ነጩ ኖራ የእጅ ሰዓት መብራት መስሎ ወጣ። እሷን በጉም ቀን ከተጠቀሙ ነጭ ወረቀት አስቀድሞ አሳይቶ ቀለሟን ማስተካከል ግድ ነው።

ሦስተኛዋ ትልቋ የመጣችው ጋሽ ስንሻው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ጥራቷ አስደነቀኝ። ጨለማ ውስጥ ታያለች፤ የብራናውን የቆዳ ቀዳዳ ሳይቀር ትቆጥራለች። እንዲህ ያለች ካሜራ ይዤ ደጅ ወጥቼ ጋቢ የምዘረጋበት ምክንያት አልታየኝም። ጥፋቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ድጓ ብራናው እየተሰነጠቀ ስለ ሄደ፣ ካህናቱ በአዲስ ብራና እንዲገለበጥ ወሰኑ። ጸሐፊው አባ ተክለ ሚካኤል ከጎንደር በኩል የመጡ፣ በደብረ ማርቆስ የሚኖሩ መነኩሴ ናቸው። መጽሐፉ ከቤተ ክርስቲያን ስለማይወጣ ከፎቶግራፍ ላይ እንዲጽፉ ተስማሙ። እኔም በደስታ ሄድሁ። የሄድሁበት ቀን ዶፍ ይዘንብ ነበር። የኔታ ፈንቴ፣ «ነገ ያባራ ይሆናል፤ እዚሁ እደር፤» አሉኝ።

«ይቺ ካሜራ ዝናብ አያግዳትም፣ የኔታ፤» አልኋቸው።

በዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከጣሪያው በተንጠለጠለ አንድ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ሥር፣ ቅጠል በቅጠል አነሣሁት። በዚያኑ ምሽት ደብረ ኤልያስ ማረፊያዬ ተቀምጬ በኮምፒውተሩ መረመርሁ። እንዴት እንደ መረመርሁ መናገር አለብኝ። በልጅነቴ የተማርኋቸውን ቅጠሎች እየመረጥሁ፣ እያዜምሁ ነበር የማያቸው። ዜማው ሲመጣልኝ ልቤ ሞቀ። መሪጌታ በቀይ የጨመሩት ቦታ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬ በራሱ ያንከባልለው ነበር፤ ነጥቡ ፎቶው ላይ መኖሩን ግን አላየሁም። ማኅሌት ያላደረሰ ፎቶ አንሺ ቢሆን ኖሮ ዓይኑን ብቻ ይዞ ስለሚቀመጥ ጥያቄ ያነሣ ነበር። እኔን የተማርሁት አታለለኝ። «ሙሉ ነው፤» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ፤ ፎቶው ታትሞ ለአባ ተክለ ሚካኤል ተሰጣቸው።

በዚያው ክረምት የዕቃ ቤቱ ጣሪያ አፈሰሰ። ውኃው መጽሐፉ ያለበትን ሣጥን አራሰው። ሲከፈት ጥቁሩ ቀለም ጸንቶ ነበር፤ ቀዩ ግን በአብዛኛው ቅጠል ላይ ታጥቦ ወደ ሮዝ ጉድፍ ተለውጧል። ሰው ሁሉ ቢያዝንም፣ ፎቶው አለ ተባለ። እኔም፣ «ፎቶው አለ፤» አልሁ።

አባ ተክለ ሚካኤል ከዓመት በላይ ደክመው ጨረሱ። መጽሐፉ የገባበት ቀን እኔም ነበርሁ። የኔታ ፈንቴ አዲሱን ድጓ አትሮንስ ላይ አኑረው ገለጡት፤ ሁለት መስመር አዜሙና አቆሙ። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ ቆዩ። ሌላ ቅጠል ገለጡ። ሌላም።

«ላቀው፣» አሉኝ ዞረው ሳያዩኝ፣ «መምህራችን የት ሄዱ?»

አባ ተክለ ሚካኤል ደነገጡ። «እኔ ያየሁትን ጽፌአለሁ፣ የኔታ። ነጥብ አላጎደልሁም፤» ብለው ከከረጢታቸው የታተሙትን ፎቶዎች አወጡ። እውነት ነበር፤ ፎቶው ላይ ቀይ የለም። የማተሚያ ቤቱ ስሕተት ይሆናል ብዬ ኮምፒውተሩን ከፈትሁ። እዚያም የለም። መሪጌታ በጻፉበት ቦታ ሁሉ ንጹሕ ብራና ብቻ ይታያል።

«እርስዎ ያውቁት የለም ወይ?» አልኋቸው የኔታን።

«የዘወትሩን አውቃለሁ። በዓመት አንዴ የሚባለውን ግን እኔም በቀዩ እየተመራሁ ነበር የምለው። ደግሞ ከእኔ ጋር ያለው እኔ እስካለሁ ነው። ስድሳ አልፎኛል፣ ላቀው።» ቀጥለውም፣ «ፈርመህ አልነበር?» አሉኝ።

«ፈርሜአለሁ።»

ድጓውን ዘግተው ወጡ። ቢቆጡኝ በቀለለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለወራት ያን ዜማ በቃሌ ማለት አቆምሁ፤ በጸሎቴ መካከል እንኳ ቢመጣብኝ ዝም አሰኘው ነበር።

አንድ ነገር ያስታወስሁት ዘግይቼ ነው። ብርማዋ በመጣች በመጀመሪያው ዓመት ከጋሽ ስንሻው ጋር ያችን ቤተ ክርስቲያን መዝግበን ነበር። የታዘዝነው ሽፋኑን፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ እንድናነሣ ብቻ ነው። ጋሽ ስንሻው ግን ቀዩን ምልክት አይተው ምንነቱን ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው፣ «እንዲህ ከሆነ ግማሹን አንሥቶ መሄድ ነውር ነው፤» ብለው ሦስት ቀን አስቀምጠውኝ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነሣነው። አለቃችን፣ «መዝግቡ አልሁ እንጂ አባዙ አልሁ?» ብሎ ነበር። ፎቶዎቹን በሲዲ ገልብጠን፣ ሲዲዎቹ ቢሮ ሲለወጥ እንዳይጠፉ እኔ ቤቴ ሣጥን ውስጥ አኑሬአቸው ነበር።

ሰባት ሲዲ አገኘሁ። የዘንድሮ ኮምፒውተር ሲዲ የሚያስገባበት አፍ የለውም፤ በከተማው ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ዘንድ ሄድሁ። የመጀመሪያው ሲዲ አልነበበም። ሰውዬው አውጥቶ በሸሚዙ ወለወለው፤ እንደገና አልነበበም። «አባባ፣ እነዚህ በጣም ቆይተዋል፤ ተስፋ አያድርጉ፤» አለኝ። ሁለተኛውን አስገባ። ማሽኑ አንጎራጎረና ገጹ ወጣ። ፎቶው ትንሽ ነው፤ ብራናው ከሚገባው በላይ ቢጫ መስሏል። ከጥቁሩ በላይ ግን ብርቱካንማ ነጥቦች ተሰልፈው ቆመዋል። ከወንበሬ ተነሥቼ ግድግዳውን ተደገፍሁ። ሰውዬው ያመመኝ መስሎት ውኃ አመጣልኝ።

ከሰባቱ ስድስቱ ተነበቡ። የመጀመሪያው ሲዲ ላይ የነበሩት አሥራ አንድ ቅጠሎች ጠፉ። የዚያን ቀን በዚህ ማዘን አልቻልሁም።

ዘመን ያለፈባት ትንሿ ካሜራ ያየችውን፣ ትልቋ ለምን እንዳላየች ግን ሳላውቅ መኖር አልፈለግሁም። ሦስቱንም ይዤ ወደ ማርያም ሄድሁ። ከድጓው ውስጥ ቀዩ ያልታጠበበት አንድ ቅጠል ተገኘ። የኔታ ፈንቴ ራሳቸው ጋቢያቸውን ዘርግተው ቆሙልኝ።

«እስከ መቼ ነው የምቆመው? ክንዴ ዛለ፤» ይሉኛል።

«ጥቂት ይታገሡ፣ የኔታ።»

«በቅዳሴ እንኳ እንዲህ አልቆምሁም።»

መጀመሪያ በጥላው፣ ቀጥሎ በዕቃ ቤቱ አምፖል፣ አንዱን ቅጠል በሦስቱም አነሣሁት። ፎቶዎቹን በዚያ ቀን አላየኋቸውም፤ አሳደርኋቸው። በማግሥቱ ነገሩ ተገለጠልኝ። በአምፖሉ ሥር ሦስቱም ቀዩን አዳክመውታል፤ የዚያ አምፖል ብርሃን ቀይ የሚያሳይ ብርሃን አልነበረም። ብርማዋና ጥቁሯ ፈዞም ቢሆን አሳይተውታል። ትልቋ ግን በደካማ ብርሃን የሚመጣውን ዝብርቅርቅ ነጠብጣብ ለማጥፋት ሥዕሉን ራሷ ታለሰልሰዋለች፤ ደቃቁን ቀይ ነጥብም እንደ ጉድፍ ቆጥራ ከብራናው ጋር አዋሐደችው። ማለስለሻውን ዘግቼ፣ በጥላው እንደገና ባነሣሁት ፎቶ ግን ትልቋ ከሁሉም አብልጣ፣ ቀዩን በትክክለኛ መልኩ አወጣችው።

ስለዚህ ወይዘሮ ጥሩዬ ሆይ፣ የሜጋፒክሰል ነገር አይደለም። ለብራና ማንኛዋም ብትሆን በጥላ፣ በደጅ፣ ማለስለሻዋ ተዘግቶ ትሠራ። ለሰው ፊት ጥቁሯን ውሰጂ። ብርማዋን አታስወግጂ፤ ሌሎቹ ያወጡትን ቀለም ማመሳከሪያ ትሆንሻለች። ካሜራዎቹን ልከስስ ብዬ ነበር የሄድሁት፤ ጥፋቱ የእጄና የችኮላዬ መሆኑን ሳውቅ፣ ያልጠበቅሁት ዕረፍት ተሰማኝ። የማይታወቅ ጥፋት ነበር ያስፈራኝ፤ የታወቀው ቢያንስ ይናዘዙታል። የንስሐ አባቴም ሰምተው፣ «እንግዲህ ቶሎ ጨርሰው፤» ብቻ አሉኝ።

አባ ተክለ ሚካኤል ቀይ ቀለም በጥብጠው፣ ከብርማዋ ፎቶ እያዩ በአዲሱ ብራና ላይ ምልክቱን ነጥብ በነጥብ ጨመሩ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ በአጉሊ መነጽር አመሳክር ነበር፤ አፌን ዘግቼ። ከጠፉት አሥራ አንድ ቅጠሎች ዘጠኙን የኔታ በቃላቸው አስሞሉ። ሁለቱ ባዶ ቀርተዋል፤ በእነርሱ ላይ ጥቁሩ ብቻ ይዜማል። ይህ አሁንም ያመኛል፤ እንቅልፍ ግን አይነሣኝም።

ሥራው ያለቀው ከመሰናበቴ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። ድጓው አትሮንስ ላይ ተዘረጋ። የኔታ ፈንቴ በዓመት አንዴ ብቻ የሚባል ቦታ ፈልገው ገለጡና ወደ ኋላ ራቅ አሉ።

«አባ፣ እርስዎ ይበሉት።»

«እኔ?» አሉ አባ ተክለ ሚካኤል። «የእርስዎን አገር ዜማ እኔ ምን አውቄ?»

«ለዚያ ነው። እኔ መሪጌታን ሰምቻቸዋለሁ፣ ላቀውም ሰምቷቸዋል፤ እኛ ብንለው ምኑ ይታወቃል? እርስዎ አልሰሟቸውም። በተጻፈው ብቻ ይሂዱ።»

አባ ተክለ ሚካኤል መነጽራቸውን አስተካክለው ጀመሩ። መጀመሪያ በጎንደር ለዛ፣ ቀስ እያሉ፣ እየቆሙም ነበር። ሁለተኛው መስመር ላይ ጥቂት ተደናቀፉ። ሦስተኛው ላይ ተከታታይ ቀይ ነጥቦች ጋ ሲደርሱ፣ ድምፃቸው ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ተንከባሎ ወረደና፣ ማንም የማይቆምበት ቦታ ላይ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ከዚያው ተነሣ።

የኔታ ፈንቴ ግንባራቸውን መቋሚያቸው ላይ አሳረፉ። ትከሻቸው ተንቀሳቀሰ።

አባ ተክለ ሚካኤል አቋርጠው፣ «ተሳሳትሁ እንዴ?» አሉ።

«አልተሳሳቱም፤» አሉ የኔታ ቀና ሳይሉ። «እሳቸው ናቸው። ይቀጥሉ።»

ቀጠሉ። እኔም ቀርቤ ቅጠሉን ገለጥሁላቸው።